ሜጋዴዝን ከየት ልጀምር? «ረስት ኢን ፒስ» እና «ካውንትዳውን» ጎን ለጎን

የአሜሪካውን የሄቪ ሜታል ባንድ ሜጋዴዝን ሰምቶ የማያውቅ ሰው «አንድ አልበም ብቻ ልግዛ፣ የቱን?» ሲለኝ አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። «ረስት ኢን ፒስ!» እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይቆጨኛል። እኔ የምሞትለት አልበም ለጀማሪም ይስማማል ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚሁ አልበም ጀምረው ከሦስተኛው ዘፈን ያልዘለቁ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ሁለቱን ዋና ዋና አልበሞች ላነጻጽር። አድናቂ ነኝና ሚዛኔ ትንሽ ቢያጋድል አትፍረዱብኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ቂም ነው። ጊታሪስቱ ዴቭ ማስቴይን በ1983 ከሚጫወትበት የሜታል ባንድ ከሜታሊካ ተባረረ። ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ በአውቶቡስ ሸኙት። መንገዱ ቀናት ይፈጃል፤ ለመብሰልሰል በቂ ጊዜ ነው። ከእነሱ የፈጠነና የከረረ ባንድ እሠራለሁ ብሎ ሜጋዴዝን መሠረተ። ከዚያ በኋላ አባላት ሲገቡ ሲወጡ ቆዩ። በ1990 ግን አራት ሰዎች ገጠሙ፦ ማስቴይን በጊታርና በድምፅ፣ ማርቲ ፍሪድማን በጊታር፣ ዴቪድ ኤሌፍሰን በቤዝ፣ ኒክ ሜንዛ በድራም። ሁለቱንም አልበሞች የሠሩት እነዚሁ አራቱ ናቸው። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሙዚቃው ግን ለየቅል።

«ረስት ኢን ፒስ» በ1990 ወጣ። 9 ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ። የመጀመሪያው ዘፈን «ሆሊ ዋርስ» የአልበሙን ጠባይ ያለ ማድበስበስ ይነግራችኋል። ጊታሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተከተከ ይነሳል። ድራሙ ይገባና ሁሉም እኩል ይሮጣል። ሁለት ደቂቃ አለፍ ሲል ድንገት ቀጥ። ፍሪድማን በአኮስቲክ ጊታር ከተለመደው የሮክ ቅኝት የወጣ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያደላ አጭር ዜማ ይጫወታል። ጥቂት ሰከንድ ናት። ከዚያ ዘፈኑ ዝግ ብሎ፣ ከብዶ፣ ሌላ ዘፈን መስሎ ይቀጥላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደገና ይፈተለካል።

የዘፈኑ መነሻም የሚወራለት ነው። ባንዱ በ1988 በሰሜን አየርላንድ፣ አንትሪም ላይ ሲጫወት ማስቴይን የአገሩን ጉዳይ በቅጡ ሳይረዳ ከመድረክ ስለ አየርላንድ ትግል ተናገረ። ታዳሚው ለሁለት ተከፍሎ ተደባደበ። የሃይማኖት ጦርነት የሚለው ሐሳብ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሃንጋር 18» ስለ ተደበቁ የጠፈር እንግዶች ነው። ግጥሙ ቶሎ ያልቅና ሁለቱ ጊታሪስቶች ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል) እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የማስቴይን ሶሎ ይነክሳል፣ ይቸኩላል፣ አንዳንዴም ሊወድቅ ይመስላል። የፍሪድማን ግን የተለየ ነው። ኖታውን ቀጥ ብሎ አይመታውም፤ ከታች ይጀምርና ክሩን እየገፋ ወደ ቦታው ያመጣዋል፣ ልክ ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያሸው። «ቶርኔዶ ኦቭ ሶልስ» ላይ ያለው ሶሎ ደግሞ፣ በቃ፣ ምን ልበላችሁ። አልበሙን ለዚህ ሶሎ ብቻ ብትገዙትም አልተበላችሁም።

እንከኑስ? የማስቴይን ድምፅ ነው። ጥርሱን ነክሶ የሚያጉረመርም ሰው ይመስላል። የለመደው ይወደዋል፤ ያልለመደው ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ዘፈኖቹም አዝማች ፍለጋ ለሚመጣ ሰው ብዙ አያሲዙም። በቤዝና በድራም ብቻ የተሠራችው አጭሯ «ዳውን ፓትሮል» ደግሞ እረፍት ትሰጣለች እንጂ ብትቀርም ግድ የለኝም።

ወደ 1992ቱ «ካውንትዳውን ቱ ኤክስቲንክሽን» ስንመጣ ፍጥነቱ ቀንሷል፣ ድምፁ ጠርቷል። 11 ዘፈን፣ 47 ደቂቃ ያህል። አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ 2ኛ ደርሷል። አንደኛ እንዳይሆን የከለከለው የካንትሪ ዘፋኙ ቢሊ ሬይ ሳይረስ ነው። ማስቴይንን ሳስበው ሁሌ ያስቀኛል።

እዚህ ዘፈን ማለት ዘፈን ነው። መግቢያ አለው፣ አዝማች አለው፣ አብዛኛው አራት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያበቃል። «ሲምፎኒ ኦቭ ዲስትራክሽን»ን ጊታር በያዘ በወሩ ሰው ሊሞክረው ይችላል። ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ሐረግ) ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆም ይላል፤ ጉልበቱም ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። «ስዌቲንግ ቡሌትስ» ላይ ማስቴይን ከራሱ ጋር ይነጋገራል፣ ራሱን ይሳደባል። ያው የሚያጉረመርም ድምፁ እዚህ ቦታውን አገኘ። «ፎርክሎዠር ኦቭ ኤ ድሪም» እርሻቸውን በዕዳ ስለሚያጡ ገበሬዎች ነው፤ ኤሌፍሰን ያደገው በገበሬ ቤት ነው። የአልበሙ ስም የተወሰደበት ዘፈን ደግሞ ታጥረው ለአዳኝ ስለሚቀርቡ እንስሳት ይናገራል።

ሁለተኛው አጋማሽ ግን ይደክማል። «ካፕቲቭ ኦነር» ላይ የፍርድ ቤት ትያትር አለ። ያንን ክፍል ሰው ፊት መስማት ያሳፍረኛል። እናም ከፍሪድማን ብዙ ለሚጠብቅ ሰው እዚህ እጁ የታሰረ ይመስላል። ሶሎዎቹ ያምራሉ፣ ግን አጭር ናቸው። ሳይጠግቡ ከማዕድ መነሳት ነው።

ሦስተኛ እጩ የ1986ቱ «ፒስ ሴልስ» ነው። በሌላ ጊታሪስትና ድራመር የተሠራ ነው፤ ክሪስ ፖላንድና ጋር ሳሙኤልሰን የመጡት ከጃዝ ወገን ነው። ድራሙ ላይ ያለው መወዛወዝ ከዚያ የመጣ ነው። ሽፋኑ ላይ የባንዱ አጽም ቪክ ራትልሄድ የፈራረሰውን የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ሊሸጥ እንደ ደላላ ቆሟል። የርዕሱን ዘፈን የሚከፍተውን ቤዝ የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤምቲቪ ለዜናው ማጀቢያ ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ቅጂው ሻካራ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ግዢ ይሁን።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበትን ጉዳይ ላንሳ። ማስቴይን በ2004 የቆዩ አልበሞቹን እንደገና ሚክስ አድርጎ አወጣቸው። ሪማስተር ቢሆን ኖሮ ችግር የለም፤ ያለቀን ቅጂ ማጥራት ነው። ሚክስ ግን የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ከመነሻው ማመጣጠን ነው። ስለዚህ ድራሙ ሌላ ድራም፣ ጊታሩም ሌላ ጊታር መስሎ ሊሰማ ይችላል። «ረስት ኢን ፒስ» ላይ ደግሞ ከዋናው የድምፅ ቅጂ የጠፋ ነበርና ማስቴይን ከ14 ዓመት በኋላ ቁጭ ብሎ አንዳንዱን ክፍል እንደ አዲስ ዘፈነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የገዛሁት። ያረጀው ሲዲዬ ተጫጭሮ ነበር፣ አዲስ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። «ፋይቭ ማጂክስ» ላይ ስደርስ ድምፁ አልገባኝም። ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ለሃያ ዓመት የማውቀውን ዘመድ ድምፁ ተቀይሮ ስልክ ላይ እንዳገኘሁት ሆነብኝ። እውነት ለመናገር የ2004ቱ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ቤዙም ጎልቶ ይሰማል። ዋናውን የማያውቅ ሰው ምንም አይጎድለው ይሆናል። እኔ ግን ዋናውን ፈልጉ እላለሁ። መለየቱ ቀላል ነው። ከ9ኙ ዘፈኖች በኋላ ተጨማሪ ዘፈንና ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ከተደረደረ የ2004ቱ ነው፤ በ9 ካበቃ ግን ጀርባው ላይ የታተመውን ዓመት አንብቡ። «ካውንትዳውን»ም በዚያው ዓመት ተነካክቷል፤ እሱ ላይ ለውጡ ብዙም አያስከፋኝም።

የቀሩትን በአጭሩ። የ1985ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው በትንሽ ገንዘብ የተቀዳ ጩኸት ነው፤ ለሰብሳቢዎች። የ1994ቱ «ዩዝኔዥያ» «ካውንትዳውን»ን የወደደ ሰው ይወደዋል። የ1999ኙን «ሪስክ» በነፃ ካልተሰጣችሁ ተዉት። የ2016ቱ «ዲስቶፒያ» ጥሩ ነው፣ የርዕሱም ዘፈን ግራሚ አሸንፏል።

እንግዲህ ከሮክ ጋር ገና መተዋወቃችሁ ከሆነ፣ ወይም ዘፈን አብራችሁ እያዜማችሁ መስማት ከወደዳችሁ «ካውንትዳውን»ን ግዙ። ጊታር የምትጫወቱ ከሆነ፣ ወይም ሜታሊካንና ስሌየርን የመሳሰሉ የሜታል ባንዶችን ጠግባችሁ የመጣችሁ ከሆነ «ረስት ኢን ፒስ»። አሁንም ካመነታችሁ «ሆሊ ዋርስ»ን ክፈቱና እስከዚያች አኮስቲክ ክፍል ጠብቁ። እጃችሁ ወደ ኋላ መልሶ ሊያሰማችሁ ከሄደ «ረስት ኢን ፒስ»ን ግዙ፤ ሌላውን አልበም ለሚቀጥለው ወር አቆዩት።