ቤት በሮቶው ይመረጣል፤ ለድሮ ጓደኞች በድሬና በሐረር ገጠር

ከውጭ መጥቶ ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር አንድ ሳምንት አብሮ ለማሳለፍ ቤት የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በረንዳው ላይ ነው። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ የሚልከው የበረንዳና የአበባ ፎቶ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ዙሪያ ግን ቤት የሚመረጠው በሮቶው፣ በውሃ ማጠራቀሚያው ነው። በዚህ ጉዞ ለስምንት ሰው ሁለት ቤት ተከራይተናል፦ አንዱ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ማንጎና ጊሽጣ ያለበት ግቢ፣ ሌላው ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ፣ በሐኪም ጋራ በኩል። ደላላ፣ የኮንትራት ሚኒባስና ምግብ አብሳይም ይዘን ነበር። ዋጋ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተጻፈው ነገ ሰውን ያሳስታል።

መጀመሪያ ቆላ ወይስ ደጋ የሚለው ይወሰን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ብዙም አያልፍም፤ እንቅልፉ ግን የሌላ አገር ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ድሬ ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት አያስተኛም። ድሬዎች አልጋ ወደ ግቢ የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ስንት አልጋ ወደ ውጭ እንደሚወጣና አጎበር የሚሰቀልበት ገመድ ወይም እንጨት መኖሩን ጠይቁ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ድሬ ምቹ ናት፤ በዚያው ወቅት ሐረር ዙሪያ ለአንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ከደጋው ቤት የተሰጠን አንድ አንድ ነበር፤ ቀሪውን ከገበያ መግዛት ግድ ሆነ።

አሁን ወደ ውሃው። ለገላ፣ ለሽንት ቤት፣ ለማብሰያና ለዕቃ ማጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 50 ሊትር ይያዝ። ለስምንት ሰው 400 ሊትር ይሆናል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልቶ ቢጀምር በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ያልቃል። ለሳምንት 2,800 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ወይ ሦስት ሮቶ ይኑር፣ ወይ ቧንቧው ቢያንስ በየሁለት ቀኑ ይምጣ። ባለቤቱን ስለ ውሃ ስትጠይቁ «አቦ፣ ችግር የለም!» ይላችኋል። በክፋት አይደለም፤ እሱና ቤተሰቡ በሁለት ጄሪካን ቀኑን መግፋት ስለለመዱ በእርግጥም ችግር የለም። ጥያቄው መለወጥ አለበት፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የመጣው መቼ ነው? ከዚያ በፊትስ?» በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት እውነተኛው መልስ ነው።

የሐረር ውሃ ለምን እንደሚቆራረጥ ማወቅ ቤት ለመምረጥ ይረዳል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከደረቀ ወዲህ የከተማዋ ውሃ ብዙው የሚመጣው ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ዳገት በፓምፕ እየተገፋ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ መብራቱ ሲመለስም ያን ሁሉ ቧንቧ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰፈር መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ከተማዋ ከታች ተዘርግታ የምትታይበት፣ ፎቶው የሚያምረው ቤት እንግዲህ ውሃ መጨረሻ የሚያገኘው ቤት ነው። ሐይቁ አሁን ተመልሷል፤ በዳር ያሉ ቤቶችም ይከራያሉ። እዚያ ያለው የእጅ ጉድጓድ ግን በአትክልትና በጫት ማሳ መካከል ስለሆነ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይታሰብ።

ሮቶው የት እንደተቀመጠም ይታይ። መሬት ላይ ከሆነ ውሃ የሚገፋው ዲናሞ ነው፤ መብራት ከሌለ ሻወር የለም። ማማ ላይ ከሆነ በራሱ ይወርዳል፤ ግን ሦስት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ስለሆነ ፎቅ ላይ ያለው ሻወር ይንጠባጠባል። የሚያከራየው ሰው በቪዲዮ እየደወለ ሻወሩ ሥር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ያስሞላላችሁ፤ ሰዓት ያዙ። በሦስት ደቂቃ ከሞላ ደህና ነው። ስድስት ደቂቃ ካለፈ ለስምንት ሰው የጠዋት ወረፋ አይበቃም።

የድሬ ቤት ሻወር ከተዳከመ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የግፊት አይደለም። የሻወሩን ራስ በእጅ ፈትታችሁ ገልብጡት፤ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ታገኛላችሁ፣ ግማሾቹ ጨርሶ ተደፍነዋል። የድሬ ከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ደለልም ይኸው ነው። አንድ ሌሊት በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ ጠዋት እንደ አዲስ ይወርዳል። ቦይለሩም ውስጥ ያው ቅርፊት ማሞቂያውን ይለብሰዋል፤ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ውሃው ግን አይሞቅም። ደህና የሆነ ባለ 50 ሊትር ቦይለር በ1,500 ዋት ውሃውን ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የሚበቃውም ለሦስት ሰው ነው። ድሬ ላይ ሙቅ ውሃ የሚጠይቅ የለም። ሐረር ላይ ግን ለስምንት ሰው ሦስት ዙር፣ ሦስት ሰዓት ማለት ስለሆነ ግማሹ ማታ ይታጠብ።

መብራቱ ላይ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት፣ ቦይለር 1,500፣ የቡና ምድጃ 1,000፤ ድምሩ 6,000 ዋት፣ በ220 ቮልት 27 አምፔር ነው። የቆጣሪው ብሬከር 20 ከሆነ ሦስቱ አብረው ሲሠሩ ይወርዳል። ብሬከር ሲወርድ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። የሚያስፈራው የማይወርደው፣ በፊውዝ ምትክ የመዳብ ሽቦ የታሰረበት ነው። የምጣዱን ሶኬት ፊት ተመልከቱ፤ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ከተሸበሸበ እዚያ ላይ ምጣድ አይሰካ። እኛ እንጀራ ቤት ውስጥ ማስጋገሩን ትተን ከጎረቤት ደረቅ እንጀራ አዘዝን፤ ለስምንት ሰው በቀን 30 ገደማ በቂ ነው፣ ምጣዱም ከሒሳቡ ይወጣል። ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ ከሆነ ስትገቡ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደቀረ ፎቶ አንሱ። ሐረር ሲበርድ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ማስገባት የሚፈልግ አይጠፋም፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ያደረ ከሰል ይገድላል፣ በዚህ ድርድር የለም።

«አራት መኝታ» ሲባል ሳሎን ውስጥ ፍራሽ የሚነጠፍበትም ይቆጠራል። ስለዚህ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ዕድሜያቸው ከ50 ላለፈ ጓደኞች ሽንት ቤት ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ የግድ መቀመጫ ያለው ይሁን፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሣል፣ ጉልበት የሚያመውም ቁጢጥ ማለት አይችልም። በጀጎል ውስጥ ያሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ውበታቸው ልዩ ነው፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ፣ ወለሉ ቀይ፣ መቀመጫውም ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ ነደባ፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ማዕረግ ያለው። ለእንግዳ የሚከራዩትም በአብዛኛው ንጹሕና በቤተሰብ የሚጠበቁ ናቸው። ሆኖም መታጠቢያው ግቢ ውስጥ በጋራ ነው፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ይገባል፤ ለስምንት ሰው ሳምንት ግን አንመክርም።

ድሬ ዙሪያ የወንዝ ዳር ቤት ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁ ምክንያት አለው። ደቻቱ በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው፤ በ1998 ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ ድሬ ላይ መጣል የለበትም፤ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ከጣለ ውሃው በሰዓታት ውስጥ ታች ይደርሳል። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያና ከሐምሌ እስከ መስከረም ለምትመጡ፣ ከአሸዋው ዳር ያለ ግቢ አይታሰብ።

ትንኝ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ድሮ እዚህ አድገን የለም ወይ» ብሎ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው የድሮው መቋቋም የለውም። በዚያ ላይ ነገሩም ተለውጧል፦ ድሬዳዋ ውስጥ አሁን በሮቶና በበርሜል ውሃ ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ አለች፤ በ2014 ከተማዋ ላይ የተነሣው ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። የደንጊ ትንኝ ደግሞ የምትነክሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻ አይበቃም፤ ጠዋትና አመሻሽ የሚቀባ መከላከያ ይያዝ። የሮቶው ክዳን የሚገጥም መሆኑን ወጥቶ የሚያይ ሰው መድቡ፤ ውስጡን በስልክ መብራት ሲያዩት ከላይ ወደ ታች የሚወራጩ ቀጫጭን ትሎች ካሉ ባለቤቱ አጥቦ ይሙላው፣ እስከዚያ ቁልፍ አትረከቡ።

የደላላው አገልግሎት መካከለኛ ነበር ማለት ይቻላል። ቤት በማግኘት ፈጣን ነው፤ ዝርዝር በመናገር ግን ደካማ። የሚበጀው ቀብድ ከሲሶ ሳያልፍ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ በባለቤቱ በራሱ ስም መላክ ነው፤ ቀሪው ጄሪካኑና ቦይለሩ ከተፈተኑ በኋላ። ቀን ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «ጥር 10» የተባለውን አንዱ ጃንዋሪ 10 ብሎ ከያዘው ቢያንስ የስምንት ቀን ልዩነት ይመጣል፤ ይህ ስሕተት በእኛ የመጀመሪያ ውል ላይም ነበረ፣ ደግነቱ ቀድሞ ታየ። ሰዓቱም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የፓስፖርትና የቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ኮፒ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ያዙ።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በዚያ ሰሞን ቤቱም መኪናውም ቀድሞ ተይዟል። የሐረር ሸዋል ዒድም እንደዚሁ፤ ማየት የሚፈልግ ከሁለት ወር በፊት ይያዝ፣ ጸጥታ የሚፈልግ ደግሞ ቀኑን ይሽሽ።

ሚኒባሱ ጥሩ ነበር። ለስምንት ሰው ባለ 12 ወንበር በቂ የሚመስለው ሻንጣ እስኪጫን ነው፤ አየር ማረፊያ የምትሄዱበትን ቀን ሌላ መኪና ጨምሩ። ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ ማደሪያና ምግብ፣ የቀኑ ሰዓት ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ነዳጅም ከዋዜማው ይሞላ፣ ወረፋው ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ከአወዳይ የሚነሡት የጫት መኪኖች ወደ ባቢሌና ጅግጅጋ የሚበሩበት ሰዓት ስለሆነ በዚያ መስመር ጠዋት ሄዶ ጠዋት መመለስ ይሻላል። የደንገጎን ጠመዝማዛ በክረምት ጉም ከመሸ አትውረዱት።

ምግብ አብሳይዋ ከሁሉም በላይ ምስጋና ይገባቸዋል። ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ባደጉበት አገር ሥጋው ሁለት ነው፤ እትዬ ግን ሳይነገራቸው ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላና ሁለት መክተፊያ ለይተው፣ ጾመኛውንም ቆጥረው ነው ሥራ የጀመሩት። ቤት ስታዩ ወጥ ቤት ገብታችሁ ትልልቅ ድስት ሁለት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ተከራዩ። ገንዘቡ ለእሳቸው በቀጥታ፣ የገበያው ሒሳብ ለብቻ ይሰጥ። የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ክፍል የሚፈልጉ ካሉ ከሰዓት ፀሐይ የማይመታው፣ በሁለት በኩል መስኮት ያለው፣ ከመኝታ ክፍሎች የራቀ ይሁን፤ የማይቅመው መተኛት አለበት። ባለቤቱ መፍቀዱንም ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ የደጋው ቤት አይፈቀድበትም ነበር፣ በውሉ ላይ ግን አልተጻፈም።

ሐረር ዳር ላለ ቤት ፍርፋሪና አጥንት ማታ ከአጥር ውጭ አይጣል፤ ጅብ በሩ ድረስ ይመጣል፣ ከሚመግቡት ሰዎች ጋር ሲታይ የዋህ ይምሰል እንጂ በጨለማ ለብቻው ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ሊያገኘው አይገባም። ስትለቁ የቆጣሪውን ቁጥር፣ የሮቶውን ልክና የብርድ ልብሱን ብዛት ከዘበኛው ጋር ቆማችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶውን ለባለቤቱ እዚያው ላኩ፤ የድሬው ባለቤት መያዣውን የመለሱት ፎቶው በደረሳቸው በሰዓቱ ነው።