ወፍራሙ ፖስታና ቀጭኑ ፖስታ፦ ለታመመ ውሻ ሙሉ ሕክምና ወይስ ማስታገሻ?

ደረሰኞቹን አልጣልኳቸውም። የሁለቱን ውሾቼን በሁለት ፖስታ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ወፍራሙ የቡቺ፣ ቀጭኑ የሊሊ። ውሻ የታመመበት ወዳጅ ሁሉ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» እያለ ሲደውል አንዱን ነገር ደጋግሜ ማውራት ሰለቸኝና ጻፍኩት። ከአሁኑ ልናገር፣ የማደላው ለቀጭኑ ፖስታ ነው።

ሙሉ ሕክምና የምለው ሐኪም ቤት ማስተኛቱን፣ ቀዶ ጥገናውን፣ ኬሞውን (የካንሰር መድኃኒቱን)፣ በየጊዜው የሚደገመውን ምርመራ ነው። ማስታገሻ ደግሞ በሽታውን ከማሳደድ ይልቅ ሕመሙን፣ ማቅለሽለሹንና የምግብ ፍላጎቱን ይዞ መሄድ፣ ሲበቃ በመርፌ ማሳረፍ። ጥግ ላይ ትቶ «እስኪ እንየው» ማለት ግን ሦስተኛ ምርጫ አይደለም።

ማድላቴ የማይሠራባቸው በሽታዎች አሉ። ማህፀኗ ያልወጣ ሴት ውሻ ማህፀኗ መግል ሲቋጥር፣ የትልቅ ውሻ ሆድ ተነፍቶ ሲጠማዘዝ፣ ቡችላ በፓርቮ ቫይረስ ሲያስታውክና ሲያስቀምጠው ቁጭ ብላችሁ አታወዳድሩ፤ ሂዱ። የሆድ መጠማዘዝ ሰዓታት ብቻ ነው የሚሰጠው። ፓርቮ የያዘው ቡችላ ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ይሞታል፣ በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከመዥገር የሚመጣው ኤርሊኪያ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ለአንድ ወር ገደማ በሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ የሚመለስ ነው፤ ከስቶና ደክሞ የተኛውን ሁሉ «ካንሰር ይሆናል» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እኔ የማወራው ስለማይድነው ነው።

ቡቺ 11 ዓመቱ ነበር። ውሃ እንደ ግመል ይጠጣል፣ ሌሊት ሦስቴ ለሽንት ያስነሳኛል። እርጅና መስሎኝ ዝም አልኩ። ምግብ ሲያቆም ደሙ ተመረመረ፣ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ማጣራት ያለበት ቆሻሻ) ከፍ ብሏል ተባለ። ያን ጊዜ ያልገባኝ፣ ክሬቲኒን ከመስመሩ ሲያልፍ ከኩላሊቱ ሥራ ወደ 75 በመቶ የሚሆነው ቀድሞ ሄዷል። ግሉኮስ ይሰቀልለት ተባለ፣ እሺ አልኩ። የተነገረኝ የአንድ ሌሊት ዋጋ ነው። በየጠዋቱ የሚደገመው የደም ምርመራ ለብቻው፣ የሌሊት ጥበቃው ለብቻው፣ ነቅሎ የጣለውን ካኑላ (የደም ሥር መርፌ) መልሶ መትከል ለብቻው እንደሚከፈል የነገረኝ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሂሳብ ስዘጋ መጀመሪያ ከሰማሁት አራት እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ።

እውነት ለመናገር እየበላ ነው ወደ ቤት የመጣው። ለ19 ቀን። ከዚያ ወደቀ፣ መልሰን አስተኛነው፣ 8 ቀን ሰጠን። በሦስተኛው ጊዜ ሌሊት ላይ እዚያው ኬጅ ውስጥ ሞተ፤ ስልክ የተደወለልኝ ጠዋት ነው።

በኋላ አንድ ክፉ ሂሳብ ሠራሁ። የከፈልኩትን በሙሉ ቡቺ ቤቱ ሆኖ፣ ጅራቱን እየቆላ በዋለባቸው ቀናት አካፈልኩት። ደመወዜን በዚያ ልክ አንድ ቀን ቢከፍሉኝ ሀብታም ነበርኩ። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መለኪያ ይኸው ነው፦ የሕክምናውን ዋጋ ሳይሆን የአንዷን ደህና ቀን ዋጋ አስሉ። ሐኪም ቤት የተኛበት ቀን አይቆጠርም።

ልጠይቅ ይገባኝ የነበረው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ኩላሊቱ ድንገት የተጎዳ ነው ወይስ ቀስ እያለ ያለቀ?» መርዝ በልቶ ወይም ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ይዞት ድንገት የተጎዳ ኩላሊት ሊመለስ ይችላል፤ እዚያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ትርጉም አለው። በዓመታት ያለቀ ኩላሊት ግን በግሉኮስ ይታጠባል እንጂ አይታደስም። ለቡቺ ዓይነቱ በሐኪም መሪነት ቤት ውስጥ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ የኩላሊት ምግብና የማቅለሽለሽ መድኃኒት ነበሩ። መርፌ መውጋቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምዱታል። ይህን የሰማሁት ቡቺ ከሞተ በኋላ ነው።

የመድኃኒቱን ነገርማ አታንሱብኝ። ከዚያ በፊት ቡቺ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረበትና ካርፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዞለት ነበር። ዋጋው ከበደኝ። «ያው ነው» የተባለ፣ ግማሽ ዋጋ የሚሸጥ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ብልቃጥ በሰው በሰው አገኘሁ። የመጀመሪያው ብልቃጥ ምንም አልሠራም፣ ሁለተኛው አስታወከው። ፎርጅድ ይሁን ጊዜው ያለፈበት እስካሁን አላውቅም። ኩላሊቱን የጎዳው እሱ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ይህ ዓይነት ማስታገሻ ኩላሊትንና ጉበትን የሚነካ ስለሆነ ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው ደም መታየት ነበረበት። እኔ ደግሞ የቆጠብኩት የምርመራውን ገንዘብ ነበር። የባች ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የማይነበብበትን ነገር በነፃም አትውሰዱ። የሰው መድኃኒትም እንዲሁ። ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ፓራሲታሞልም ሊመርዘው ይችላል። «ለልጅ የምንሰጠው ነው» የሚባለው ማባበያ ስንቱን ውሻ ጨረሰ።

ወደ ቀጭኑ ፖስታ ልምጣ። ሊሊ ከመንጋጋዋ ሥር ሁለት እብጠት አወጣች፣ ቀጥሎ ከጉልበቶቿ ጀርባ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር። ሐኪሙ በግልጽ አስቀመጠልኝ። ኬሞው አምስት ወር ገደማ የሚወስድ ምልልስ ነው፤ በብዛት በሚታየው ዓይነት አብዛኞቹ ውሾች ለጊዜው ይሻላቸዋል፣ ግማሾቹ አንድ ዓመት ገደማ ይደርሳሉ፣ ጨርሶ መዳን ግን ብርቅ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒን ብቻ ከተሰጣት አንድ ወይም ሁለት ወር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ነገር አለ። «ለጊዜው ፕሬድኒሶሎኑን ልጀምርላትና ስለ ኬሞው ላስብበት» ማለት አይሆንም፤ ቀድሞ የተጀመረ ስቴሮይድ በኋላ የሚመጣውን ኬሞ ሊያዳክመው ይችላል። ፍራንኩ መጀመሪያ ይቆጠር፣ ውሳኔው ይወሰን፣ ከዚያ ክኒኑ። ለመገጣጠሚያ የምትወስደውንም ማስታገሻ ማስቆም ነበረብን፤ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ጨጓራና አንጀት ሊያደሙ ይችላሉ።

ፕሬድኒሶሎኑን መረጥኩ። 52 ቀን ኖረች፤ ከእነሱ መካከል መጥፎ የምላቸው ስድስት ናቸው። ብዙ ትበላ፣ ብዙ ትሸና ነበር፣ ምንጣፉ አልቋል። ጠቅላላ ወጪዋ የቡቺን አንድ ዘጠነኛ አይሞላም። የአንዷን ደህና ቀን ዋጋ ከሱ ጋር ማስተያየት ያሳፍራል።

ለኬሞውም ፍትሕ ልስጠው። ለውሻ የሚሰጠው መጠን ከሰው ይልቅ ለዘብ ያለ ነው፤ ዓላማው ደህና ቀን መጨመር ስለሆነ አብዛኞቹ እንደ ሰው አይሰቃዩም፣ ፀጉራቸውም ብዙ ጊዜ አይረግፍም። ጓደኛዬ ለሷው ውሻ መርጣው አሥር ወር አግኝታለች፤ ስምንቱ ደስ የሚሉ ነበሩ። አልዋሽም፣ ቀናሁባት። ግን ገንዘቡ ነበራት፣ ሐኪም ቤቱም ቅርቧ ነው፤ የሊሊ ሐኪም ያለው ሩቅ ነው፣ መኪና ደግሞ ያንቀጠቅጣታል። የአጥንት ካንሰር ቢሆን ኖሮ ግን እኔም አመነታ ነበር። እግሩን ማስቆረጥ ብቻውን ወራት ነው የሚሰጠው፣ ከኬሞ ጋር ወደ ዓመት ይጠጋል፤ ሕመሙ ደግሞ ክኒን ብዙም አይበግረውምና መቁረጡ ራሱ ማስታገሻ ነው።

ስለዚህ ምርመራ ሲታዘዝላችሁ «ውጤቱ ይህ ቢሆን ምን እናደርጋለን? ያ ቢሆንስ?» በሉ። ለሁለቱም መልሱ አንድ ከሆነ አታሠሩት። ለቡቺ ሁለተኛው አልትራሳውንድ እንዲህ ያለ ነበር፤ ደረሰኙ ወፍራሙ ፖስታ ውስጥ አለ። ዋጋም የዛሬውን ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ያለውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን፣ በጽሑፍ አስጽፉ። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ጥሩዎቹ አይቆጡም።

መቼ ይብቃ የሚለውን ዓይን አይነግራችሁም፣ ይለምዳል። የእንስሳት ሐኪሟ አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጀችው መለኪያ አለ፦ ሕመም፣ ረሃብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስና ከመጥፎው የሚበልጥ ደህና ቀን። ለሰባቱም ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፣ 10 ከሁሉ ደህናው ነው፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ይቀጠላል። እኔ ማታ ማታ ካላንደር ላይ እጽፈው ነበር። ሊሊ ሦስት ቀን በተከታታይ ከ35 በታች ስትሆን ደወልኩ።

ለመርፌው ስትዘጋጁ መጀመሪያ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ለብቻው የሚከፈል ቢሆንም እሱ ላይ አትቆጥቡ። ዓይኗ እንደማይከደን፣ ከሞተች በኋላም ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙ ቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም። ራሳችሁ የምትቀብሩ ከሆነ ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን። የመርፌው መድኃኒት፣ ፔንቶባርቢታል፣ ሬሳው ውስጥ ይቆያል፣ ቆፍሮ የበላውን እንስሳም ሊገድል ይችላል።