ጠንካራው ፎም ሮለር ለጉልበት ጎን ሕመም
መሀሉ ክፍት የሆነው፣ 33 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ጠንካራ ፎም ሮለር (ጡንቻ ለማሸት ሰውነት ሥር የሚንከባለል ድቡልቡል ዕቃ) ለማራቶን እየተዘጋጁ የጉልበታቸው ውጫዊ ጎን ለታመመባቸው ሯጮች ጥሩ ዕቃ ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ቱቦ ስላለው የሰውነት ክብደት አያጎብጠውም፤ ርካሹ ነጭ ፎም ግን ቶሎ ይጠፈጠፋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አጠቃቀሙ ላይ ነው፤ የሚያመው ቦታ ላይ ያንከባልሉታል። ይህ የተቆጣውን ቦታ አጥንቱ ላይ እየተጫነ ያባብሰዋል። የመቀመጫና የፊት ጭን ጡንቻዎችን፣ እያንዳንዳቸውን ለ60 ሰከንድ ያህል፣ ትንፋሽ ሳይዙ በቀስታ ማሸት ይሻላል። ሮለሩ ያስታግሳል እንጂ አያድንም! በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ የግድ ነው፤ ዳሌ ካልጠነከረ ሕመሙ ቁልቁለት ላይ ይመለሳል። ጉብጉብ ያለበትን ዓይነት ገና ለሚያገግም እግር አልመክርም፤ ያበልዛል።