ከዚራ ጥላ ሥር የማነብበት ኢ-ሪደር

ድሬ ላይ ቀን ቀን በስልክ ማንበብ ፈተና ነው። ፀሐዩ ስክሪኑን ይጋርደዋል፤ ስልኩም ይግላል። ኢ-ሪደር (መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ከያዝኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከሥራ መልስ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እከፍተዋለሁ። ስክሪኑ እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ፣ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ፊደሉ ይጎላል። ባትሪ የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ነው። በቀን አንድ ሰዓት አንብቤ ሦስት ሳምንት ይቆይልኛል። መብራት ሲጠፋማ እንዴት እንደምወደው!

የከፋኝ መጠኑ ነው፤ የኔው 6 ኢንች ነው። ያሉኝ የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ስካን የተደረጉ ፒዲኤፍ ናቸው፤ ገጹ እንደ ፎቶ ስለሆነ በትንሽ ስክሪን ፊደሉ ይደቅቃል። አግድም አዙሬ ግማሽ ግማሽ ገጽ አነባለሁ። እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ 10 ኢንቹን ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የአማርኛ ፋይል ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። አንዳንዱ ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል።