ለቱርቦ መኪና ካታሊቲክ፦ በብሎን የሚታሰረው ወይስ የሚበየደው?

ማናቸውም ከመገዛታቸው በፊት ካንዴላና ኮይል ይፈተሹ። ሲሊንደር እየሳተ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከላከ የካታሊቲኩ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው መርዛማ ጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ይቀልጣል፤ አዲሱም አይተርፍም።

ድሬዳዋ ላይ በግቢው ለሚሠራ ሰው በብሎን የሚታሰረው ይሻላል፤ ብየዳ አይጠይቅም። ጭስ ማውጫው ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ በከተማው ሙቀት ይህ ሰዓታት ይወስዳል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ይቁም። የዛጉት ብሎኖች ላይ ማላቀቂያ ዘይት ከዋዜማው ይረጭ። ኦክስጅን ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ በ22 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ጋስኬቱ የግድ አዲስ ይሁን፦ ከሴንሰሩ በፊት አየር ከገባ ሴንሰሩ ቤንዚን ያነሰ ይመስለዋል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ካታሊቲኩ ከመጠን በላይ ይግላል።

የሚበየደው ባለ 200 ሴል (በካሬ ኢንች 200 ቀዳዳ ያለው) ብረት ከተለመደው ባለ 400 ሴል ሴራሚክ ይልቅ ጭስ በቀላሉ ያሳልፋል። የደንገጎን ዳገት በቱርቦ ለሚወጣ ልዩነቱ ሊሰማው ይችላል፤ ግን ፒ0420 ኮድ (ካታሊቲኩ በደንብ አያጣራም የሚል የኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ) ሊያመጣ ይችላል፣ ለከተማ ምልልስ አያዋጣም። ካታሊቲኩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ይዙር። መኪናው ላይ በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዝ፤ ከዚያ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ሴንሰሮቹም ይውጡ። ሙሉ ብየዳው ግን ወርዶ ይሠራ፤ የቤንዚን ቱቦው ቅርብ ነው።