ባንክ ወይስ አክሲዮን? ገበያው ሲወርድ የሚለየው

«ገንዘቤን ባንክ ላስቀምጥ ወይስ አክሲዮን ልግዛበት?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ገበያው ወርዶ ስልኩ ቀይ በቀይ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይብሳል። መልሴ አንድ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የምትፈልጉት ገንዘብ ባንክ ይግባ፣ ያውም በጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በሚቀመጥ ሒሳብ። አክሲዮን ከዚያ በተረፈው ነው።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። በ2020 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለልጄ ትምህርት ቤት ያጠራቀምኩትን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ተቀማጭ ልከፍት ገብቼ የአክሲዮን ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ ብዙ አክሲዮን የሚገዛበት) ገዝቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ደረሰኙን ሳየው ከ100 ሺህ ውስጥ ፈንዱ ላይ የዋለው 97 ሺህ ብቻ ነው። ሦስቱ ሺህ «የመግቢያ ክፍያ» ተብሎ ገና ከበሩ ተቆርጧል። የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ (የ500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ላይ የሚያሳይ መለኪያ) ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባለው ጊዜ 34 በመቶ ወረደ፣ የእኔም ፈንድ አብሮ ወረደ። የትምህርት ቤቱ ቀን ደረሰና ሸጥኩ። ኢንዴክሱ በኦገስት ወደ ጫፉ ሲመለስ እኔ ወጥቻለሁ።

ስለ ክፍያ ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው። 100 ሺህ በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት 761 ሺህ ገደማ ይሆናል። አንድ በመቶ የአስተዳደር ክፍያ ተቆርጦ 6 በመቶ ቢያድግ ግን 574 ሺህ ነው። አንዷ በመቶ 187 ሺህ በላች! አክሲዮን የምትገዙ ከሆነ ርካሽ ኢንዴክስ ፈንድ (በኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች ብቻ ተከትሎ የሚገዛ) ፈልጉ፣ ሌላውን እርሱት።

50 በመቶ የወረደ ነገር ወደነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ መውጣት አለበት። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ2007 እስከ 2009 ወደ 57 በመቶ ወርዶ የቀድሞ ጫፉን ያገኘው በ2013 ነው። የጃፓኑ የአክሲዮን ኢንዴክስ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ጫፍ ያለፈው በ2024 ነው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ደግሞ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።

ባንክም እንከን አለበት። ወለዱ 5 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ 8 በመቶ ከሆነ ገንዘባችሁ በዝምታ እየተበላ ነው። ቢሆንም ቀኑ ሲደርስ ታገኙታላችሁ። ትልቅ ባንክ፣ የሰፈር ባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ብትመርጡ ጥያቄው ያው ነው፦ ከጊዜው በፊት ባወጣ ስንት ይቀጣኛል? ወርሃዊ ክፍያ አለው? ተቀማጬ እስከ ስንት ድረስ መድን አለው? እኔ ለቁጠባና ብድር ማኅበሩ አደላለሁ፣ የወለድ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም የሚቆራርጡት ያንሳል። መድኑን ግን በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ።

«በወር 10 በመቶ፣ ዋስትና ያለው» የሚሏችሁን አትጠጉ። እንደዚያ ቢሆን 100 ሺህ በዓመት 314 ሺህ ገደማ ይሆን ነበር። በሐሰት ትርፍ ብዙ ሰው ያጭበረበረው አሜሪካዊ በርናርድ ማዶፍ እንኳ ያሳይ የነበረው በዓመት 10 በመቶ ገደማ ነው። የተጋለጠውም በ2008 ገበያው ወርዶ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ሲጠይቀው ነበር።

አሁን ተቀማጬን ሦስት ቦታ ከፋፍዬዋለሁ፣ በየአራት ወሩ አንዱ ይደርሳል። የተረፈኝ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነው። በ2022 ገበያው ሲወርድ አንድም አልሸጥኩም።