የድሮ መኪናችሁን ኒኬል «በነፃ በአዲስ እንለውጥላችሁ» ለሚል ጋራዥ ከመስጠታችሁ በፊት

በደሴና በኮምቦልቻ የድሮ ቮልስ ዋገን፣ ፊያት ወይም ፔጆ ይዛችሁ ቦዲውን ለማሠራትና ቀለም ለማስቀባት የምታስቡ ሁሉ፣ ከጋራዥ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የማስጠነቅቃችሁ በኒኬል፣ ማለትም በመኪናው ውጭ ባለው የሚያብረቀርቅ ጌጥ፣ ላይ ስለሚደረግ አንድ ዓይነት ውል ነው። ባለሙያው የላሜራውንና የቀለሙን ዋጋ ከነገራችሁ በኋላ፣ «የውጭ ኒኬሉ አርጅቷል፤ ሁሉንም አውልቄ በአዲስ እተካላችኋለሁ፤ ለአዲሱ አላስከፍልም፤ አሮጌው ብቻ እዚህ ይቀራል» ይላል። ሲሰሙት ችሮታ ይመስላል። እኔ ግን በድሮ መኪና እድሳት ውስጥ ባለንብረቱን ከዚህ የበለጠ የሚጎዳ ውል አላውቅም፤ ምክንያቱም የምትሰጡት ዕቃ ከምትቀበሉት ይበልጣል፣ አንዴ ከእጃችሁ ከወጣም በኋላ ተመልሶ የሚገኝበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

ይህን የምጽፈው በአጎቴ መኪና ላይ የሆነውን በቅርብ ስለተከታተልሁ ነው። መኪናቸው የ1965 ሞዴል ቮልስ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው የሞዴልና የምርት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ወለሉና የፓራፋንጎዎቹ (ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት ክንፎች) ሥር ግን በዝገት ተበልተው ስለነበር ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ ጋራዥ ሰጡት። በውል ወረቀቱ ላይ ከዋጋውና ከቀለሙ ዓይነት ሥር «የሚወልቁ አሮጌ ዕቃዎች ለጋራዡ ይሆናሉ» የሚል አንድ መስመር ሰፍሮ ነበር። አጎቴ ይህ የተበላ ላሜራንና የደረቀ የመስኮት ጎማን የሚመለከት መስሏቸው ፈረሙ። መኪናው ሲመለስ ቀለሙ በእርግጥ ያምር ነበር። ነገር ግን የፊትና የኋላ ፓራውልቶቹ (የግጭት መከላከያዎቹ) የሌላ ዘመን ሞዴል ሆነው መጡ፤ በወገቡ ዙሪያ የነበሩት ኒኬሎች ወልቀው በቦታቸው በማጣበቂያ የተለጠፈ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ተተክቷል፤ ኒኬሎቹን የሚይዙት ክሊፖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም በስቱኮ፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር መሙያ፣ ተደፍነዋል። አሮጌው የት እንደገባ ሲጠይቁ «ለቁራሌ ሰጥተነዋል» ተባሉ። ብዙም ሳይቆይ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ደላላ ለሽያጭ ሲያዞረው የነበረውን የቮልስ ፓራውልት አጎቴ ግራ ጫፉ ላይ ባለው ጉድጓድ ለይተው አወቁት። በወረቀቱ መሠረት ጋራዡ የእኔ የሚለውን ዕቃ ነው የሸጠው፤ እጅግ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ የዛገና የጎበጠ ኒኬል ይህን ያህል የሚፈለገው ለምንድን ነው? ቮልስ ለሚያየው ሰው ለብዙ ዓመታት ቅርጹ ያልተለወጠ መኪና ይመስላል፤ የሚያውቀው ግን ዘመኑን የሚለየው በአመዛኙ ከውጭ ጌጡ ነው። በፊት ኮፈኑ ላይ የነበረው የቮልፍስቡርግ ከተማ አርማ እስከ 1962 ሞዴል ቆይቶ ቀርቷል። ከኮፈኑ መሐል አንድ፣ በየጎኑ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው በጠቅላላው ሰባት የሆኑት የወገብ ኒኬሎች እስከ 1966 ሞዴል ሰፋ ያሉ ነበሩ፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ጠበቡ፣ የሚይዟቸው ክሊፖችና ቀዳዳዎቹም አብረው አነሱ። ከኦገስት 1967 በፊት በፋብሪካው የተሠሩት መኪኖች ዙር ያለውና ቋሚ ቀንድ የሚታሰርበት ፓራውልት ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለ፣ ከፍ ብሎ የሚታሰር ፓራውልት መጣ። የ1965 ቮልስ ላይ የኋለኛውን ፓራውልት ለመግጠም መያዣው መለወጥ፣ ፓራፋንጎውም መቆረጥና መበየድ አለበት። በአጎቴ መኪና ላይ የተደረገው በትክክል ይህ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ትክክለኛው ፓራውልት ቢገኝ እንኳ ፓራፋንጎው እንደገና ካልተሠራ አይገባም።

ቮልስ በሜክሲኮ እስከ 2003 ድረስ ሲመረት ስለቆየና በዓለም ዙሪያ ብዙ አፍቃሪ ስላለው አዲስ የተሠራ ኒኬል በውጭ አገር ይገኛል። ይሁን እንጂ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና በጉዞ በቀላሉ የሚታጠፍ ረጅም ዕቃ ነው፤ ከፋብሪካው ዕቃ ይልቅ ስስ ሆኖ የሚመጣም ብዙ ነው። ፔጆ 404 ወይም ፊያት ሴይቼንቶ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ መርካቶ ያለውን የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራን፣ ስትዞሩ ብትውሉ የግራውን አግኝታችሁ የቀኙን ልታጡ ትችላላችሁ። የቀኙን የሚፈልግ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ጋራዥ ነው «አሮጌው ለእኔ ይቅር» የሚለው።

«ይህ ዕቃ ከእንግዲህ አይሠራም» ስትባሉ ወዲያው አትመኑ። መጀመሪያ የተሠራበትን ነገር እወቁ፤ የሚድነውና የማይድነው የሚለየው በዚህ ነውና። የቮልስ ፓራውልትና የጎማ ቆብ ብረት ሆነው ኒኬልና ክሮም የተነከሩ ናቸው፤ ማግኔት በደንብ ይስባቸዋል። የሚያብረቀርቀው የላይኛው ክሮም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያነሰ ነው፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ወፍራሙ የኒኬል ንብርብር ነው። ስለዚህ ላዩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የታየበት ፓራውልት ሁሉ አልሞተም። የአሉሚኒየም ፎይልን ጨምድዳችሁ በውኃ እያረጠባችሁ በእርጋታ ብታሹት፣ አሉሚኒየም ከክሮም የለሰለሰ ስለሆነ ሳይቧጥጠው ዝገቱን ያነሣል፤ ከዚያ አድርቆ ሰም መቀባት ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ካያችሁ ግን አስቁሙት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክሮሙን ጨርሶ ይገፈዋል።

የወገብ ኒኬሎቹ፣ ስማቸው ኒኬል ይሁን እንጂ፣ በቮልስ ላይ አሉሚኒየም ናቸው፤ ማግኔት አይስባቸውም፤ አይዝጉም፤ ላያቸው ላይ በፋብሪካ የተሠራ ጠንካራ መከላከያ አላቸው። እርሱ ሲደበዝዝ ነው አሮጌ የሚመስሉት። መከላከያው በባለሙያ ተነሥቶ ብረቱ ቢወለወል እንደገና ያበራል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንደገና መከላከያ ካልተደረገለት ወይም በየጊዜው ሰም ካልተቀባ ይደበዝዛል። በሌሎች የዚያ ዘመን መኪኖች ላይ የስቴንለስ ጌጥ ታገኛላችሁ፤ ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው። ምንም ነገር ስላልተነከረ ጉድጓዱን ከጀርባው በትንሽ መዶሻ በቀስታ አቅንቶ መወልወል ብቻ ይበቃዋል፤ ትዕግሥት ያለው ባቲላሜራ (የመኪና ቦዲ ሠራተኛ) በራሱ ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ መያዣ) ላይ ሊሠራው ይችላል። በእውነት የሚያስቸግረው የበር እጀታ ነው። ከዚንክ ቅይጥ ቀልጦ የተሠራ ስለሆነ ዝገቱ ከውስጥ እየፈነዳ ላዩን ያጎደጉደዋል፤ እርሱን አስተካክሎ እንደገና መንከር ከባድና ውድ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው «ይለወጥ» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ጋራዦች የሚያቀርቡት ሌላ ምክንያት «ኒኬሉ ከሥሩ ውኃ ይይዛል፣ አዲሱን ቀለም ያበላሻል» የሚል ነው። ይህን ምክንያት አላጣጥለውም። ደሴ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ጉምና በክረምቱ ዝናብ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ከተማ ነው፤ ከክሊፕ ቀዳዳ ዙሪያ የሚጀምር ዝገትም በብዙ የድሮ መኪኖች ላይ አይቻለሁ። ነገር ግን መፍትሔው ኒኬሉን ማጥፋት አይደለም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ማውለቅ፣ የቀዳዳውን ዙሪያ ከዝገት ማጽዳትና ፀረ ዝገት መቀባት፣ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ አዲስ ክሊፕና የውኃ መከላከያ ጎማ አድርጎ መመለስ ነው። ክሊፕ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቀዳዳ መድፈን ግን መልሶ ለመብሳት ልኩ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና መወሰድ ያለበት ጉዳት ነው። ኒኬሉ ሳይወልቅ በወረቀት ሸፍኖ ቀለም የሚረጭም አለ፤ እርሱንም አትቀበሉ፤ ቀለሙ ከኒኬሉ ጠርዝ መላጥ ይጀምራል። አወላለቁ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በካቻቢቴ የተፈነቀለ አሉሚኒየም ካንዴ ከታጠፈ የእጥፋቱ ምልክት አይጠፋም፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ሽብልቅ ክሊፕ በክሊፕ መላቀቅ አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሁለተኛ ማታለያም አለ። አንዳንዱ አሮጌውን አይወስድባችሁም፤ «ኒኬል አስነክሬ አመጣዋለሁ» ብሎ ያስከፍላችሁና የብር ቀለም ረጭቶበት ይመልሰዋል። እውነተኛ ንክር ብረቱ ከተፈተገና ከጸዳ በኋላ በኬሚካል ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ንብርብር በንብርብር የሚሠራ ነው፤ ለሠራተኛው ሳንባ አደገኛ የሆኑ ኬሚካሎች ስላሉበትም በጋራዥ ጓሮ የሚከናወን ሥራ አይደለም። ስትረከቡ ፊታችሁን እዩበት፤ ክሮም ጽሑፍ የሚነበብበት መስታወት ነው፣ የተረጨ ቀለም ግን ደብዛዛ ግራጫ ነው። ካልተማመናችሁ የማይታይ ጥግ ላይ ቲነር በነካ ጨርቅ አሽታችሁ ተመልከቱ፤ ተራ የርጭት ቀለም ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ንክር ግን አይለቅም። ባለሙያው ይህን እንዳታደርጉ ከከለከላችሁ ሒሳቡን አትክፈሉ።

እኔ ሁሉም ኒኬል ሁልጊዜ ተመልሶ ይገጠም አልልም። መኪናውን ለዕለት ሥራ ብቻ የሚነዳ፣ ወጪ የከበደው ሰው ያለ ኒኬል ሊቀባው መብቱ ነው። ከጀርባው ላሜራው ፈጽሞ የተበላበት ቦታ ላይም ቀዳዳው የግድ ሊጠፋ ይችላል። በዚህም ጊዜ ቢሆን የወለቀው ዕቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሳይደራረብና ሳይታጠፍ በእናንተ ቤት ይቀመጥ። መኪናውን አንድ ቀን ብትሸጡት እንኳ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ «ኦርጅናል ኒኬሎቹ አሉ ወይ?» የሚል ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን መስመር በመስመር አንብቡት። «አሮጌ ዕቃ ለጋራዡ» የሚል ካለ አሰርዙትና «ማንኛውም የወለቀ ዕቃ፣ ቢበላሽም፣ ለባለንብረቱ ይመለሳል» ብላችሁ አስጽፉ። የእያንዳንዱን ኒኬል፣ የፓራውልቱን፣ የመብራት ቀለበቱን፣ የጎማ ቆቡንና የእጀታውን ፎቶ ጉድጓዱና ጭረቱ እንዲታይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን አንሡ፤ ቁጥራቸውን በወረቀቱ ላይ አስፍሩና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከተቻላችሁ በሚወልቅበት ቀን ተገኝታችሁ ዕቃውን በዚያው ዕለት ወደ ቤታችሁ ውሰዱት፤ ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ ይልቁንም ሳይጠፋበት ስለሚቀር ይደሰታል። በሁለቱም ከተሞች እንዲህ የሚሠሩ ታማኝ ባቲላሜራዎች አሉ፤ ይህ ጽሑፍ እነርሱን አይመለከትም። ደረሰኝም ጠይቁ፤ በደረሰኙ ላይ «ኒኬል መንከር» ወይም «አዲስ ፓራውልት» እየተባለ ሥራው በስሙ ይጻፍ እንጂ «ልዩ ልዩ» በሚል ቃል አትለፉት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ፕላስቲክን ስቴንለስ፣ ርጭትን ንክር ብሎ መሸጥ ከዚህ መብት ጋር ይጋጫል። አቤቱታ ለማቅረብ ግን የምታሳዩት ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

መኪናችሁ አሁን ጋራዥ ውስጥ ያለ ደግሞ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ተመልከቱት። ኒኬሉ ወልቆ ቀዳዳዎቹ ገና ካልተደፈኑ እንዳይደፈኑ በጽሑፍ ንገሯቸው፣ የወለቀውንም ቆጥራችሁ ተረከቡ። በስቱኮ ብቻ ከተደፈኑ አሁንም ጊዜ አለ፤ ስቱኮው ቀለም ሳይቀባበት በቀላሉ ይወጣል። በብየዳ ከተዘጉ ወይም እንደ አጎቴ መኪና ስቱኮው ላይ ቀለም ከተቀባ ግን የእያንዳንዱ ቀዳዳ ቦታ ከሌላ ተመሳሳይ ሞዴል ላይ በሜትር ተለክቶ መመለስ አለበት። አጎቴ ለዚህ የሚሆን የዚያው ዘመን ቮልስ ያለው ሰው እያፈላለጉ ነው፤ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ኦርጅናል ኒኬሉ ያልወለቀ የ1965 ወይም የ1966 ሞዴል ያላችሁ ብታስለኩን ውለታችሁ ትልቅ ነው።